አንደኛው ቤት እንዳይጠፋ

ጎንደር ቀሐ ወንዝ ዳር ጥላ ፈልጎ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ አስቡ። ወረቀት የለውም። የመጀመሪያውን ቤት በልቡ ይዞ ለሁለተኛው ቃል ያስሳል፤ ያገኘው ከዜማው ልክ ካልገጠመ ይጥለዋል፣ ሌላ ያነሣል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሰሙም ወርቁም ሊያመልጡት አይገባም። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ነውና ይሁን፤ መወድስ ግን ስምንት ነው።

ነገርን ለጥቂት ሰከንድ ይዞ እያገላበጡ መሥራትን ተመራማሪዎች «የሥራ ትውስታ» ይሉታል። ዳዊት በቃል ማጥናት ሌላ ነው፤ ያ ጎተራ ነው፣ ይህ መዳፍ።

ይህን መዳፍ የሚያላላ የአእምሮ ሕመም አለ፦ ስኪዞፍሬኒያ። ስሙ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የማይታይ ሰው ድምፅ መስማትን ነው። ጸበል የሚያስኬደው፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሰውም እሱ ነው። የመዳፉ መላላት ግን ጫጫታ የለውም፤ በብዙ ሕሙማን ላይ ድምፁ ከጠፋ በኋላም ለዓመታት ይቆያል። እናት «አራዳ ገበያ ሄደህ ጨውና ክብሪት ግዛ፣ ስትመለስ ጌሾውን ከነ እትዬ ቤት አምጣ» ትላለች። ሕመሙ ያለበት ልጇ ጨው ብቻ ይዞ ይመጣል። «ሰነፈ» ይባላል። እኔ በዚህ ቃል አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በ1989 በየል ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ጎልድማን ራኪችና ባልደረቦቿ ዝንጀሮዎችን ብልጭ ብላ የጠፋች ነጥብ ያሳዩና ጥቂት ያስጠብቋቸው ነበር። ነጥቧ ከጠፋችም በኋላ ከግንባር ጀርባ ያሉ የነርቭ ሴሎች ምልክት መላካቸውን ቀጠሉ፤ ነጥቧ የነበረችበትን አቅጣጫ ይዘው ቆዩ። በ1992 ሶሂ ፓርክና ፊሊፕ ሆልዝማን ተመሳሳይ ፈተና ለስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ሰጡ። ሕሙማኑ ከጥበቃው በኋላ ቦታውን ከሌሎች ይልቅ አብዝተው ሳቱ።

ሴሎቹ እንዴት ይይዙታል? ማኅሌት የቆመ ሰው ይገባዋል። ቀኝና ግራ ተቀባብለው ዜማው እንዳይወድቅ እንደሚያደርጉት፣ እነዚህ ሴሎችም ግሉታሜት በሚባል ኬሚካል እርስ በርስ ይቀሰቃቀሳሉ። ሌሎች ሴሎች ደግሞ ጋባ በሚባል ኬሚካል ያልተፈለገውን ዝም እያሰኙ ምቱን ያስጠብቃሉ፤ መቋሚያውና ጸናጽሉ በእነሱ እጅ ነው። ሕመሙ የነበረባቸው ሰዎች ካረፉ በኋላ አንጎላቸው ሲመረመር ሁለቱም ወገን ጉድለት ታይቶበታል። በአንጎል ሽፋን ሦስተኛው ድርብ ያሉት ሴሎች መልእክት የሚቀበሉባቸው ጥቃቅን እሾሆች አንሰዋል፤ ጋባን የሚሠራው ኢንዛይምም ቀንሷል። ለማደንዘዣ የሚያገለግለው ኬታሚን የግሉታሜትን አንዱን በር ስለሚዘጋ፣ ጤነኛውን ሰው እንኳ ለጊዜው የያዘውን ያስጥለዋል።

ዶፓሚንም አለ። ከግንባር ጀርባ ባለው በዚህ የአንጎል ክፍል እንደ ምድጃ እሳት ነው፦ ሲያንስ ወጡ አይበስልም፣ ሲበዛ ያርራል። የተለመዱት መድኃኒቶች በዋናነት ዲ2 የሚባለውን የዶፓሚን ተቀባይ ይዘጋሉ። ድምፁን ያረግባሉ፣ ጥርጣሬውን ይቀንሳሉ፤ መዳፉን ግን እምብዛም አያጠነክሩም። ስለዚህ ከሆስፒታል ተረጋግቶ የወጣ ልጅ ከሦስት ትእዛዝ ሁለቱን ቢጥል መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱንም ለዚህ ብሎ ማቆም ሕመሙን መልሶ መጥራት ሊሆን ይችላል።

በአገራችን የዚህ ሕመም ትልቁ የማኅበረሰብ ጥናት የተካሄደው ቡታጅራ ነው፤ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች የተጠየቁበት። እዚያም እንደ ሰሜን ጎንደር ደጋ የቀን ሥራ የሚሰጠው በቃል እንጂ በጽሑፍ አይደለም፦ በሬውን ፍታ፣ ውኃ አጠጣ፣ ሲመሽ አስገባ። ሦስቱንም መያዝ ያለበት መዳፉ ነው።

እናትየዋ ዛሬ «ጨው አምጣልኝ» ብቻ ብላ ልካዋለች። ክብሪቱን የምትነግረው ሲመለስ ነው።