ያውቁ ኖሯል? ሰፌድ የለበሰው የሐረር ግድግዳ

በጁገል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ባህላዊ የሐረሪ ቤት ሲገቡ ዐይን ቀድሞ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። በቀይ ከተቀባው የመቀመጫ መደብ በላይ፣ በቀለም ያሸበረቁ ሰፌዶችና ክዳኖች፣ ብዙ ጊዜም ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለዋል። አንዳንዶቹ ለሙሽራ ከእናትና ከዘመድ የተሰጡ በመሆናቸው፣ ለሚያውቅ ሰው ግድግዳው የቤተሰብ ታሪክ ነው።

የሰፌዱ ሥራ ከመሐል ይጀምራል። የሣር ጥቅሉ እየተጠማዘዘ ሲዞር፣ በወስፌ እየተበሳ በአለላ፣ ማለትም ቀለም በተነከረ ሣር፣ ይሰፋል። ጥለቱ አስቀድሞ አይነደፍም፤ ሰፊዋ እየቆጠረች በልቧ ትይዘዋለች። ዙሩ በሰፋ ቁጥር ቆጠራው ስለሚለወጥ፣ አንድ ስሕተት ጥለቱን ያጣምመዋል።

ዩኔስኮ ጁገልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ እንዲህ ያጌጡትን ቤቶች የውስጥ አሠራር ለይቶ አድንቋል።

እርስዎም ሰፌድ ሳሎንዎ ውስጥ ሊሰቅሉ ካሰቡ፣ ቀጥታ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ይተዉት፤ የአለላው ቀለም ይደበዝዛል። እርጥብ ግድግዳ ደግሞ ሣሩን ያሻግታል። ትልልቁን መሐል፣ ትንንሹን ዙሪያውን ቢያደርጉት ያምራል።