ከማሳው ተካፍሎ መብላት፦ ለገበሬ ገንዘብ ከማስቀደማችን በፊት



ባለፈው ረመዳን በጀመዓው ኢፍጣር ላይ ከነበራችሁት ብዙዎቻችሁ ስለ ድንቹ ጠይቃችሁናል። ገንዘብ ያዋጣችሁት ደግሞ ጠንከር አድርጋችሁ ነው የጠየቃችሁት፤ መብታችሁም ነው። መልሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ስላልሆነ በዚህ እትም ሰፋ አድርገን ልናስረዳ ወሰንን። የደረሰብንን ብቻ ሳይሆን ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ፣ በሌላው ዓለም እንዴት እንደሚሠራበት፣ በሸሪዓ ዓይንም እንዴት እንደሚታይ አብረን እንመልከት።

ታሪኩ አጭር ነው። ጥቅምት ላይ 31 ሆነን በነፍስ ወከፍ 500 ብር አዋጣንና በጎዛምን ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ቀበሌ ለሚኖሩ አንድ ገበሬ ሰጠን። እኚህ አባት መስኖ የሚገባቸው ሁለት ማሳዎች አሏቸው፤ አንዱ ታች ከወንዙ ዳር፣ ሌላው ከፍ ብሎ ከቤታቸው ጓሮ። ስምምነታችን በቃል ነበር። ታችኛው ማሳ ላይ የሚተከለው ድንች የእኛ፣ ላይኛው ላይ ያለው ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመንና ካሮት የእሳቸው ተባባልን። ለማንም ግልጽ ይመስላል፤ እኛም ግልጽ መስሎን ነበር።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ውርጭ ወረደ። ደጋ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ወርዶ ዝቅ ባለው ቦታ ይተኛል። ጠዋት የታችኛው ማሳ ድንች ቅጠሉ የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሮ ተገኘ። ላይኛው ማሳ ተረፈ፤ ቢደርስበት እንኳ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ውርጭን ከድንች በተሻለ ይቋቋማሉ። እንግዲህ የእኛ ጠፍቶ የእሳቸው ቀረ። ገሚሶቻችን «ገንዘባችን ይመለስ» አልን፤ ገሚሶቻችን «ድንቹ የእኛ ነበረ፣ የጠፋውም የእኛ ነው» አልን። ገበሬው ዘንድ ስንሄድ ቡና አፍልተው ተቀበሉንና «ልጆቼ፣ ውርጩን እኔ አልጠራሁት፤ ገንዘቡም ዘር ድንች ሆኖ መሬት ውስጥ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ ከላይኛው ማሳ ጎመንና ካሮት ሰጡን፤ ለኢፍጣሩም ድንች ከገበያ በገበያው ዋጋ ገዛን። ወጡ የቀጠነው ለዚህ ነው።

ያደረግነው ነገር በሌላው ዓለም ስምና ልማድ ያለው ነው። ተጠቃሚዎች ተሰባስበው ዘሩ ሳይዘራ ለአንድ ገበሬ ይከፍላሉ፤ ገበሬው በዚያ ገንዘብ ዘር ይገዛል፣ የሠራተኛ ዋጋ ይከፍላል፤ ምርቱ ሲደርስ በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ አባል ድርሻው ይደርሰዋል። ጥጋብ ከሆነ ድርሻው ይወፍራል፣ ከከፋ ይቀጥናል። «በማኅበረሰብ የሚደገፍ እርሻ» ብንለው ያስኬዳል። ለእኛ ግን ከዚህ የሚቀርብ ስም አለ፤ ቅርጫ ነው። በሬው ሳይገዛ ገንዘብ ይዋጣል፣ በሬው ሲታረድ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል፣ ከዚያ እጣ ይወጣል። በሬው ቢከሳ ሁሉም ቀጭን ሥጋ ያገኛል እንጂ አንዱ ሙዳ ሙዳውን፣ ሌላው አጥንት አጥንቱን አይወስድም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ልማዱ ቀድሞ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ጃፓን ናት። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓናውያን እናቶች በምግብ ውስጥ የሚቀረው የኬሚካል ርዝራዥ ሲያሳስባቸው በቀጥታ ከገበሬዎች ጋር መስማማት ጀመሩ። የጃፓን ኦርጋኒክ ግብርና ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ስምምነቱንም «ቴይኬይ» ይሉታል፣ መተባበር እንደማለት ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስና በኒው ሃምፕሻየር ሁለት እርሻዎች እ.ኤ.አ. በ1986 በዚሁ መንገድ ጀመሩ፤ በደቡብ ፈረንሳይ ደግሞ በ2001 ተጀምሮ በአገሩ ተስፋፋ። በአገራችን በየከተማው የተስፋፋው የእሁድ ገበያ አምራቹንና ሸማቹን በማገናኘቱ የዚህ ዘመድ ነው። ልዩነቱ እሁድ ገበያ ላይ የሚሸጠው የደረሰ ምርት መሆኑ ነው፤ ለገበሬው ግን ገንዘብ የሚቸግረው ከዚያ በፊት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የጎጃም ደጋ ገበሬ ብር የሚያስፈልገው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ ማዳበሪያ የሚገዛበት፣ ጎተራው የሚጎድልበት ወቅት ነውና። እህሉ የሚገባው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ያኔ ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ዋጋው ዝቅ ይላል። በእነዚህ ወራት መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ብድር ነው። ብድሩ አራጣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ገና በማሳ ላይ ያለ እህልን በርካሽ አስቀድሞ መሸጥ፤ ወይም ወለድ አገድ፣ ማለትም አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ የተበዳሪውን መሬት በወለድ ፋንታ እያረሰ የሚበላበት ውል። ሪባን በመጽሐፍ ላይ ብቻ የምናውቅ ተማሪዎች ከግቢያችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀን ብንሄድ በማሳ ላይ እናገኘዋለን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ማዳበሪያ ጠፍቶ የክልላችን ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ማለታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መንገድ ሲዘጋም ቲማቲሙና ጎመኑ ማሳ ላይ ይበሰብሳል፤ በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ሸማች ያለው ገበሬ ግን ቢያንስ የተወሰነውን ያወጣል። አስቀድሞ የሚከፍል ሰው ለገበሬው ትርጉም ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድሞ መክፈል በሸሪዓ እንግዳ አይደለም። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለዓመትና ከዚያም ለበለጠ ጊዜ ለፍራፍሬ ቀድመው ሲከፍሉ አገኟቸው። አልከለከሏቸውም፤ መጠኑ፣ ሚዛኑና የርክክቡ ጊዜ የታወቀ እንዲሆን ግን አዘዙ። ይህ ኢብኑ ዐባስ ያስተላለፉት፣ በቡኻሪና በሙስሊም ውስጥ ያለ ነው፤ ውሉም «ሰለም» ይባላል። ስለዚህ አንደኛው መንገድ ይህ ነው፦ «ይህን ያህል ኪሎ፣ ይህ ዓይነት ነጭ ሽንኩርት፣ በዚህ ቀን» ብሎ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ በውሉ ጊዜ መስጠት። ዕቃው በገበሬው ላይ ዕዳ ይሆናል። ማሳው ቢጠፋበት ከሌላ ቦታ ገዝቶ ያስረክባል፤ ካልቻለ ከፋዩ ወይ ይታገሠዋል ወይ ገንዘቡን ይቀበላል። ለዚህም ነው አብዛኞቹ ዑለማዎች ሰለምን ከአንድ ከተወሰነ ማሳ ጋር ማሰርን የከለከሉት፤ ያ ማሳ ላያፈራ ይችላልና።

እኛ ግን የተዋዋልነው «የታችኛው ማሳ ድንች» ብለን ነው። ስለዚህ ሰለም አይደለም። ታዲያ ሽርክና ነው? ሽርክናም በሸሪዓ ይታወቃል። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ለኸይበር ሰዎች መሬቱንና ተምሩን እየተንከባከቡ ከምርቱ ግማሹን እንዲወስዱ ፈቅደዋል። በእህል ላይ የሚደረገው ሙዛረዓ ይባላል፤ ኢማም አቡ ሐኒፋ ባይቀበሉትም ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ተቀብለውታል፣ ሐንበሊዮችም እንዲሁ። አገራችን ላይ «በእኩል ማረስ» የምንለው ለዚህ ቅርብ ነው። በሬና ጉልበት ካንዱ፣ መሬትና ዘር ከሌላው ሆኖ ምርቱ በእኩል ወይም በሲሶ ይካፈላል።

ግን እዚህም ላይ ተሳስተናል፤ ስሕተታችንንም ያወቅነው ለአንድ ኡስታዝ ነገሩን ስንነግራቸው ነው። ሳቅ አሉና የራፊዕ ኢብኑ ኸዲጅን ሐዲስ ነገሩን። የመዲና ሰዎች መሬት ሲሰጡ «ከዚህኛው ቁራሽ የሚገኘው የእኔ፣ ከዚያኛው የሚገኘው የአንተ» እያሉ ይዋዋሉ ነበር። አንዳንዴ አንዱ ቁራሽ ያፈራና ሌላው ይጠፋል፤ አንዱ ጠግቦ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። ነቢዩም (ሶ.ዐ.ወ.) ይህን ከለከሉ። «ታችኛው የእኛ፣ ላይኛው የእርስዎ» ያልነው ቃል በቃል ይህንኑ ነው። ውርጩ አልበደለንም፤ ማሳውን ለሁለት የከፈልነው እኛ ነን። ድንቹም ነጭ ሽንኩርቱም ጎመኑም ባንድ ላይ ተደምሮ ሲሶው የእኛ ቢሆን ኖሮ፣ ታችኛው ማሳ ሲጠፋ ሁለታችንም ትንሽ እንጎዳ፣ ሁለታችንም ትንሽ እናገኝ ነበር። ልክ እንደ ቅርጫው።

«ገንዘባችን ይመለስ» ላላችሁትም ማስረጃ የሚሆን ነገር አለ። ፍሬ ሳይበስል በፊት መሸጥ የተከለከለ ሲሆን፣ የተሸጠ ፍሬ በመቅሠፍት ቢጠፋ ሻጩ ገንዘቡን መውሰድ እንደሌለበት ጃቢር ያስተላለፉት ሐዲስ በሙስሊም ውስጥ አለ። ዑለማዎች በዝርዝሩ ይለያያሉ፤ ኢማም ማሊክ ለምሳሌ ጉዳቱ ሲሶ መድረሱን ያያሉ። እኛ የተደባለቀ ውል ስለፈጸምን በየትኛው መዳኘት እንዳለብን ራሱ ያከራክር ነበር። በስምምነት በመጨረሳችን አልሐምዱሊላህ።

አሁን ደግሞ ስለ «ኦርጋኒክ»። ባለፈው ማስታወቂያችን ላይ «ኦርጋኒክ አትክልት» ብለን ለጥፈን ነበር። እንዲህ ማለት አልነበረብንም። በአገራችን ኦርጋኒክ ግብርናን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አለ፤ ቃሉ በመስፈርትና በማረጋገጫ የሚገኝ ስም እንጂ ደስ ያለው ሁሉ የሚለጥፈው አይደለም። ማረጋገጫው ወጪ ስላለው ባብዛኛው የሚያገኙት ወደ ውጭ የሚላኩ እንደ ቡና ያሉ ምርቶች ናቸው። ለትንሽ ገበሬ የተሻለው ገዢዎችና ጎረቤት ገበሬዎች ማሳውን እየተመላለሱ አይተው የሚመሰክሩበት መንገድ ነው፤ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ይህ ለእኛ ይቀላል፣ ቅዳሜ በእግር የምንደርስበት ነውና።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ማዳበሪያ ያልነካው መሬት ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለው የጎጃም ደጋ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ዝናቡ ንጥረ ነገሩን እያጠበ አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል። ብዙ ቦታ ገብስ እምቢ ብሎ እንግዶ ወይም ባሕር ዛፍ የቀረው ለዚህ ነው፤ ኖራ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። እበቱ ደግሞ ወደ ማሳ መመለስ ሲገባው ማገዶ ስለሌለ ኩበት ሆኖ ይነዳል። መሬቱ እየሰጠ ምንም ካልተመለሰለት፣ ኬሚካል ባይነካውም እየደኸየ ነው።

ብስባሽ ለውጥ እንደሚያመጣ በአገራችን ታይቷል። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ የመሩት የዘላቂ ልማት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር ብስባሽ እያዘጋጀ ምርቱን መዝግቧል። ብስባሽ ያገኙ ማሳዎች ምንም ካላገኙት እጥፍ ያህል፣ ብዙ ጊዜም ከማዳበሪያው የበለጠ ሰጥተዋል። ዶክተር ተወልደ እ.ኤ.አ. በ2000 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ያገኙ ሳይንቲስት ነበሩ። ብስባሽ ግን ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉድጓድ፣ ቅጠል፣ እበት፣ ማገላበጥ። የእኛ ገበሬ «ሰው ቢኖረኝ ነበር» ያሉት ይህን ነው። ሠላሳ ተማሪ ጉልበት እንጂ ገንዘብ ስለሌለው፣ ከ500 ብራችን ይልቅ ሁለት ቅዳሜ ደቦ ሳይበልጥባቸው አይቀርም ብለን እናስባለን።

በዚህ ዓመት፣ ኢንሻአላህ፣ ውሉ በወረቀት ይሆናል። ሁለቱን ነገሮች አንቀላቅልም። ለኢፍጣር የግድ የሚያስፈልገንን ነጭ ሽንኩርት በሰለም እንገዛለን፤ ኪሎው፣ ጥራቱና ቀኑ ተጽፎ ገንዘቡ ሙሉ ይከፈላል፣ ማሳ አይጠቀስም። አትክልቱን ደግሞ በድርሻ እናደርጋለን፤ ዘርና የብስባሽ ሥራ ከእኛ፣ መሬት፣ ውኃና እንክብካቤ ከእሳቸው፣ ከሁለቱም ማሳ የሚገኘው ሁሉ ሲሶው ለእኛ። ምን እንደሚረጩና መቼ እንደረጩ በደብተር ይጽፉልናል፤ ማስታወቂያችን ላይም የምንጽፈው እሱን ብቻ ነው። ገበሬው በሐሳቡ ተስማምተዋል፤ አንድ ነገር ብቻ ጨምረዋል፣ ድንቹ ዘንድሮ ላይኛው ማሳ ላይ ይተከል ብለዋል።

መዋጮውን የሚሰበስቡት አምናዎቹ ልጆች ናቸው። አምና ገንዘባችሁ ያልተመለሰላችሁና ቅር ያላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አናግሩን። የረቂቅ ውሉ ግልባጭ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስለሚነበብ፣ ፊቅህ የምታጠኑ እህትና ወንድሞች በተለይ የድርሻውን አንቀጽ እንድታዩልን እንፈልጋለን፤ ዘሩ ከማን ይሁን የሚለው ላይ ኡስታዙ ገና ሐሳባቸውን አልጨረሱም።