ከፍ የተደረገ ፒክአፕ ለምን ክሮቼራ ይሰብራል? የኃይል ማስተላለፊያ ብልሽትን ስለ መመርመር



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ለአስቸጋሪ መንገድ ሲባል ከፍ የተደረገና ትልቅ ጎማ የተገጠመለት ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ክሮቼራ ደጋግሞ ሲሰብር መንስኤውን እንዴት እንፈልጋለን? ክሮቼራ የምለው መማሪያ መጻሕፍት ዩኒቨርሳል ጆይንት የሚሉትን፣ በፕሮፔለር ሻፍቱ ጫፎች ላይ የሚገኘውን ባለ መስቀል መጋጠሚያ ነው። ጋራዡ ከጣልያንኛ የወረሰውን ስም እመርጣለሁ፤ ቅርጹን ይናገራልና።

ጉዳዩ የመለዋወጫ ወጪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደውን መንገድ አስቡ፤ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ጭነት የያዘ መኪና በደህና የሚወርደው ሞተሩ በማርሽ በኩል ስለሚይዘው ነው። በኋላ ጎማ ብቻ እየተነዳ ሳለ የኋላ ፕሮፔለር ሻፍቱ ቢበጠስ ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፤ ማርሽ መቀነስ ዋጋ ያጣል፤ ክብደቱን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል። የሻፍቱ የፊት ጫፍ ወድቆ መሬት ከወጋ ደግሞ አደጋው ከዚህም ይከፋል።

ወደ ቤተ ሙከራችን የመጣው መኪና በአራት ወር ውስጥ ሦስት ክሮቼራ ቀይሯል። በየጊዜው ለባለቤቱ የተሰጠው ምክንያት «ዕቃው ኦሪጅናል አይደለም» የሚል ነበር። ሐሰተኛ መለዋወጫ በገበያችን መኖሩን አልክድም። ሆኖም ሦስቱም የተሰበሩት በአንድ ቦታ፣ በትራንስፈር ኬዙ በኩል ነው። ሐሰተኛ ዕቃ ቦታ አይመርጥም። ብልሽት በአንድ ስፍራ ሲደጋገም ከዕቃው ይልቅ ስፍራውን መጠየቅ ይገባል።

ምርመራው የሚጀምረው ከመሣሪያ ሳይሆን ከባለቤቱ ግሥ ነው። አማርኛ በዚህ ረገድ የታደለ ቋንቋ ነው። «ያፏጫል» ሲባል ሐሳቤ ወደ ኮሮናና ፒኞን ጥርሶች ይሄዳል፤ በተለይ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ድምፁ የሚለዋወጥ ከሆነ። «ያጓራል» ሲባል፣ መሪ ሲዞር የሚበረታ ከሆነ፣ የጎማ ኩሽኔታን እጠረጥራለሁ። «ሲነሣ ኳ ይላል» የሚለው የላላ ክፍተትን ያመለክታል። የእኛ ባለጉዳይ ያለው ግን «70 ካለፈ በኋላ ወለሉ ይንዘረዘራል» ነበር። ይህ የንዝረት ቃል ነው፤ ንዝረት ደግሞ ይቆጠራል።

እንቁጠር። የመኪናው የቀድሞ ጎማ ዲያሜትር 805 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን አዲሱ 889 ነው። የፍጥነት መለኪያው ይህን ለውጥ ስለማያውቅ 72 ሲያሳይ መኪናው በእውነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ከባለቤቱ የሰማነውን ቁጥር ሳናርም ብናሰላ ውጤቱ ሁሉ ይዛባል። በእውነተኛው 80 ላይ ጎማው በሰከንድ 8 ጊዜ ያህል ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 4.1 ስለሆነ ሻፍቱ 33 ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ 8 ኸርዝ ብናገኝ ጥፋቱ ከጎማ ወይም ከቸርኬ ነው፤ 33 ብናገኝ የሻፍቱ ሚዛን ተዛብቷል፤ 65 ገደማ፣ ማለትም የሻፍቱን እጥፍ፣ ብናገኝ ግን የሚናገረው የክሮቼራው ማዕዘን ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ ያለውን የንዝረት መለኪያ ትጠቀማላችሁ። መለኪያው በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ የሚያነብ ከሆነ 65 ኸርዝን ሊያሳይ አይችልም፤ 35 አስመስሎ ያቀርበዋል። 35 ደግሞ ለ33 ጎረቤት ስለሆነ ሻፍቱን ሚዛን ለማስጠበቅ ትልካላችሁ፤ ገንዘብ ይወጣል፤ ንዝረቱ ባለበት ይቀራል። ፈጣን መለኪያ ተጠቀሙ።

በዚያው ፍጥነት ፍሪሲዮን ረግጠን ሞተሩን ወደ ዝቅተኛ ዙር ብንመልሰውም ንዝረቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሞተሩ ነጻ ወጣ። የፊት ፍሪ ሀቦች ተፈትተው ስለነበር የፊት ሻፍቱ አይዞርም፤ እርሱም ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ወጣ። ልኬቱ 65 ኸርዝ ገደማ አሳየ።

ይህ እጥፍ ከየት ይመጣል? በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮበርት ሁክ ያጠናው ይህ መጋጠሚያ በማዕዘን ሲሠራ ግቤቱ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም ውጤቱ እኩል አይዞርም። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፤ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። መጠኑ ከማዕዘኑ ኮሳይን ይታወቃል፤ በ10 ዲግሪ ወደ ላይም ወደ ታችም 1.5 በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛው ክሮቼራ በእኩል ማዕዘን ከሠራና ሹካዎቹ በትክክል ከተሰለፉ የመጀመሪያውን መዛባት ያጠፋዋል። የፋብሪካው ንድፍ የተመሠረተው በዚህ እኩልነት ላይ ነው።

በመኪናችን ላይ በትራንስፈር ኬዙ በኩል 10፣ በዲፈረንሻሉ በኩል 6 ዲግሪ ለካን። የቀረውን መዛባት ለማወቅ የሁለቱን ማዕዘኖች ዳግም ርቢ አቀናንሳችሁ የልዩነቱን ዳግም ዘር ውሰዱ፦ ከ100 ላይ 36 ሲቀነስ 64፤ ዳግም ዘሩ 8። ዲፈረንሻሉ የሚዞረው በ8 ዲግሪ በሚሠራ አንድ ብቸኛ ክሮቼራ እንደተነዳ ሆኖ ነው።

እኩልነቱን ያፈረሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ማየት በቂ ነበር። መኪናው በ10 ሴንቲሜትር የተነሣው ከፊሉ በወፍራም ባሌስትራ፣ ከፊሉ ደግሞ የባሌስትራውን የኋላ ማንጠልጠያ 9 ሴንቲሜትር በማስረዘም ነው። መኪናው መነሣቱ ሁለቱንም ማዕዘኖች በ5 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል፤ ይህ ለብቻው እኩልነቱን አይነካም። ረጅሙ ማንጠልጠያ ግን ባሌስትራውን ከኋላ ወደ ታች ስላዘነበለው የዲፈረንሻሉ አፍንጫ 4 ዲግሪ ያህል ቀና ብሏል። አንዱ ማዕዘን ሲቀንስ ሌላው ባለበት ቀረ።

የተሰበረው ክሮቼራም ይህንኑ መሰከረ። በመስቀሉ ክንዶች ላይ የመርፌ ኩሽኔታዎቹ ቁመታቸውን ተከትለው የተጫኑበት ጠባሳ ይታያል፤ ይህ የጭነት ምልክት ነው። የቅባት እጥረት ቢሆን ኖሮ በሙቀት የጠቆረ ብረትና ቀይ የዝገት ዱቄት በጠበቅን ነበር። በተጨማሪም መኪናውን በክሪክ አንሥተን አክሱሉ እንዲንጠለጠል ስናደርግ የሹካው ጆሮዎች እርስ በርስ ሊነካኩ ደረሱ። ድንጋያማ መንገድ ላይ ጎማ አየር ላይ በተንጠለጠለ ቁጥር ይህ ይደጋገማል። ትልቁ ጎማ ደግሞ ለተመሳሳይ ግፊት ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ጉልበት በሻፍቱ ላይ ይጠይቃል።

መፍትሔው ብዙ መልክ አለው። ከባሌስትራው ሥር ሽብልቅ አስገብቶ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ማዕዘኖቹ እኩል ይሆናሉ፤ ሁለቱም ግን 10 ዲግሪ ላይ ይቀራሉ። እኔ የመከርኩት ማንጠልጠያው ወደ ፋብሪካው ርዝመት እንዲመለስ ነው፤ ሁለቱም ማዕዘኖች ከ8 ዲግሪ በታች በእኩልነት ይወርዳሉ። ባለቤቱ ከፍታውን ላለማጣት ተከራከረ፤ ድንጋይ ዲፈረንሻሉን እንዳይመታው ይሰጋ ነበር። ስጋቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ባሌስትራም ሆነ ማንጠልጠያ የሚያነሣው ሻንሲውን እንጂ አክሱሉን አይደለም። ዲፈረንሻሉን ከመሬት ያራቀው ጎማው ብቻ ነው፤ 42 ሚሊሜትር። ይህን በሜትር ራሱ እንዲለካ ጋበዝኩት፤ ከለካ በኋላ ረጅሙን ማንጠልጠያ አስፈታ።

ጎማው ጭቃ መከላከያውን እንዳይነካ መሪውን ሁለቱንም ጫፍ አድርሰን አረጋገጥን፤ አዲስ ክሮቼራ ተገጠመ፤ በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት በድጋሚ ለካን። የ65 ኸርዙ ጉብታ ከመንገዱ ተራ ንዝረት ጋር ተቀላቀለ። ሁለቱን ግራፎች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ፤ ቀርባችሁ ተመልከቷቸው፤ ጥያቄዎቻችሁንም እቀበላለሁ።