ቴሌኮንቨርተር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ

«እህቴ፣ ይቺን ከገዛሽ ሌላ ሌንስ አያምርሽም። ሁለት መቶው አራት መቶ ይሆንልሻል፣ በቃ!»

ይህን ያለኝ ያገለገሉ የካሜራ ዕቃዎችን የሚሸጥ ልጅ ነው። እጁ ላይ የያዛት ከሻይ ብርጭቆ የማትበልጥ አጭር ቱቦ ናት። ቴሌኮንቨርተር ትባላለች፤ የእኔዋ ባለ 2 እጥፍ ነበረች።

ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ። እያንዳንዱ ምርጫ የራሱ ዋጋ እንዳለው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ፈተና ላይም ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ያን ቀን ግን ትምህርቱ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። የሦስት ወር ቁጠባዬን ከፍዬ ይዣት ወጣሁ። ቤት ገብቼ ካለኝ ባለ 55-250 ሌንስ ጋር ላጋጥማት ስሞክር አልገባ አለች። ብገፋ እምቢ፣ ባዞር እምቢ። የፊት መስታወቷ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው፤ የእኔ ሌንስ ደግሞ ከኋላው ለዚያ መስታወት የሚሆን ቦታ የለውም።

ስደውልለት «ለየትኛው ሌንስ እንደሆነ አልነገርሽኝማ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም።

እናንተም እንደኔ ከመሆናችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ካሜራ የላችሁም? ስልክ ካላችሁ ይበቃል፤ ነገሩ ወደ ስልክም መጥቷል።

ቱቦዋ ምን ትሠራለች?

ቴሌኮንቨርተር በካሜራውና በሌንሱ መሃል የምትገባ ማጉያ ናት። በብዛት ባለ 1.4 እና ባለ 2 እጥፍ ትሸጣለች። ካኖን «ኤክስቴንደር» ይላታል፤ ሥራው ግን አንድ ነው። የ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ በባለ 1.4ዋ 280፣ በባለ 2ዋ ደግሞ 400 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሩቅ ያለው ነገር ቀርቦ፣ ገዝፎ ይታያል።

ግን ከየት አመጣችው? ከየትም። ሌንሱ ያስገባውን ያንኑ ምስል ወስዳ ትዘረጋዋለች እንጂ አዲስ ነገር አትጨምርም። እንጀራ ሲጋገር አስቡት። ለትንሽ ምጣድ የሚበቃውን ሊጥ በትልቅ ምጣድ ላይ ብታሰፉት እንጀራው ይሰፋል፣ ግን ይሳሳል። ሊጡ ያው ነው። እዚህ ሊጡ ብርሃን ነው።

ልኩም የታወቀ ነው። ባለ 1.4ዋ ብርሃኑን በግማሽ ትቀንሰዋለች፤ ባለ 2ዋ ደግሞ ሩቡን ብቻ ታስቀርላችኋለች። በፎቶግራፈሮች ቋንቋ አንድ ስቶፕ እና ሁለት ስቶፕ ይባላል። አፐርቸሩ ኤፍ 2.8 የነበረ ባለ 70-200 ሌንስ በባለ 1.4ዋ ኤፍ 4፣ በባለ 2ዋ ኤፍ 5.6 ይሆናል። ይህ ሌንስ ጥሩ መነሻ ስላለው ይችለዋል። የእኔው 55-250 ግን ጫፉ ላይ ሲደርስ ድሮም ኤፍ 5.6 ነው። ባለ 2 እጥፏ ገብታለት ቢሆን ኖሮ ኤፍ 11 ላይ ይወድቅ ነበር። ብዙዎቹ የቆዩ ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ደግሞ ከኤፍ 5.6 በታች አውቶፎከሳቸው ይቸገራል። አዳዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች፣ ማለትም ሚረርለሶቹ፣ በዚህ በኩል በጣም ይሻላሉ።

ሌላም አለ። ምስሉን ስትዘረጋ የሌንሱን ጉድለትም አብራ ትዘረጋዋለች። ጥርት ያለ ሌንስ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ድሮም ደብዘዝ የሚል ሌንስ ጉዱ ይወጣል።

አንድ ብዙ ሰው የማያወራው ጥቅም ግን አላት። ሌንሱ ፎከስ የሚያደርግበት የመጨረሻ ቅርብ ርቀት አይቀየርም። ስለዚህ ቢራቢሮ ወይም አበባ በቆማችሁበት ቦታ ገዝፎ ይወጣል።

ሐዋሳ ላይ የሆነው

ዕቃዋን ልመልስ ስል የጓደኛዬ አክስት ሐዋሳ ካፌ ሊከፍቱ መሆኑን ሰማሁ። «ግድግዳዬ ላይ የሐይቁን ንስር እፈልጋለሁ፤ ሁለት ሜትር ይሁን» አሉ። ቀብድም ሰጡኝ። ጓደኛዬ ለሠርግ ሥራ የሚጠቀምበትን ባለ 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ አዋሰኝ። ቱቦዋ እሱ ላይ ቀጭ ብላ ገባች። ደስታዬን አትጠይቁኝ። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ሐዋሳ ገባሁ።

በመጀመሪያው ቀን ገና ንጋት ላይ ሐይቁ ዳር ተገኘሁ። ነጭ ራስ ያለው ዓሣ አዳኝ ንስር ከውኃው በላይ ይበር ነበር። ተኮስኩ፣ ተኮስኩ፣ ወደ 300 ፎቶ አነሳሁ። ማታ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው አንድም የሚሆን የለም። ሁሉም ጭጋግ።

ሒሳቡን የሠራሁት ያኔ ነው። የሚበር ወፍ ለመያዝ ሹተሩ ቢያንስ አንድ ሺህኛ ሴኮንድ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ቢፈጥን ደግሞ የተሻለ። በዚያ የንጋት ብርሃን ያለ ኮንቨርተር አይኤስኦ 800 ይበቃኝ የነበረው፣ ከእሷ ጋር 3200 ይጠይቀኛል፤ አራት እጥፍ። ካሜራዬ 3200 ላይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። እሱን ፈርቼ ሹተሩን ወደ 250ኛ ሴኮንድ ዝቅ አደረግሁት። ክንፉ ተምታታ፣ የእጄ መንቀጥቀጥም ተጨመረበት። ምክንያቱም ማጉያ መንቀጥቀጥንም ያጎላል። ርቀት አገኘሁ ብዬ ብርሃንም ፍጥነትም አጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄድኩ። ጀልባዎች ገብተዋል፣ ቆሮሶና አምባዛ ይበለታል። እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ ያደረጉ የሚመስሉት ማራቡዎች ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። እኔ ከሩቅ ቆሜ ሌንሴን ስደግን አንድ ዓሣ አስጋሪ አዩኝና ሳቁ።

«ልጄ፣ ቅረቢ እንጂ! አይበሉሽም።»

ቀረብኩ። አምስት ሜትር ላይ 400 ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል? የወፉ ምንቃር ብቻ ነው የሚገባው። ስልኬን አውጥቼ አነሳሁት። በሳምንቱ ከለጠፍኳቸው ፎቶዎች ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው ያ የስልክ ፎቶ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት!

«ጋሼ፣ ንስሩንስ በቅርብ የት አገኘዋለሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በጀልባቸው ወሰዱኝ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ንስሩ ዳር ካለ ግራር ላይ ተቀምጦ ክንፉን ያሞቅ ነበር። አሁን ነገሮቹ ሁሉ ተገጣጠሙ። ብርሃን ሞልቷል፣ ወፉ አይንቀሳቀስም፣ ርቀቱም አጥሯል። ጀልባዋ ስለምትወዛወዝ ሹተሩን 800ኛ ላይ አደረግሁ። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ጠበብ አደረግሁት፤ ከባለ 2 እጥፍ ጋር አብዛኛው ሌንስ ትንሽ ሲጠብብ የበለጠ ይጠራል። አይኤስኦ 400። ዓይኑ ውስጥ የሐይቁ ነጸብራቅ ሳይቀር ወጣ።

ዕቃዋ ያው ናት፣ ያነሳችውም እኔው ነኝ። የተለየው የከፈልኩት ብርሃን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የሌለኝን ነው ያወጣሁት።

ቆርጦ ማጉላትስ?

«ያለ ኮንቨርተር አንስተሽ ክሮፕ ብታደርጊውስ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በእኛ ቋንቋ ኦፖርቹኒቲ ኮስት ማለት ይኸው ነው፤ አንድን ነገር ስትመርጡ የተዋችሁት ሁለተኛው አማራጭ።

ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው። ፎቶውን ሁለት እጥፍ እንዲጎላ ብቆርጠው የሚቀረኝ ሩቡ፣ ማለትም 6 ሜጋፒክስል ነው። ትንሽ ይመስላል? ብዙ ስልኮች ስክሪናቸው 1080 በ2400 ፒክስል ነው፤ 2.6 ሜጋፒክስል ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፎቶው የሚያርፈው ቴሌግራም ወይም ኢንስታግራም ላይ ከሆነ ክሮፕ ከበቂ በላይ ነው። ገንዘብ አያስወጣም፣ አፐርቸሩንም አይነካም።

ሁለት ሜትር ግድግዳ ላይ ግን ሌላ ነው። 6000 ፒክስል ሁለት ሜትር ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 30 ፒክስል ይደርሰዋል፤ ሻይ ይዞ ፈንጠር ብሎ ለተቀመጠ ሰው ይበቃል። ተቆርጦ 3000 ቢሆን ግን 15 ብቻ። ካፌው ውስጥ ኮንቨርተሯ ዋጋዋን የመለሰችው በዚህ ልዩነት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ልቅረብ?» ከመሆኑ በፊት «ፎቶው የት ነው የሚያርፈው?» ይሁን።

ወደ ስልካችን እንምጣ

ስልክ ላይ በሁለት ጣት ስትጎትቱ የሚሆነው በአብዛኛው ሳታነሱ በፊት መቁረጥ ነው። ሁሉም ግን አንድ አይደለም። አፕል በ2016 ባወጣው አይፎን 7 ፕላስ ላይ ለማቅረብ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሌንስ ጨመረ። ጋላክሲ ኤስ 23 አልትራ እስከ 100 እጥፍ ያጎላል ቢባልም፣ በእውነተኛ ሌንስ የሚደርሰው 3 እና 10 እጥፍ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ክሮፕ እና የሶፍትዌር ማስተካከያ ነው።

በ2025 ደግሞ ቪቮ ኤክስ 200 አልትራ ለሚባለው ስልክ ዛይስ የሚል ስም ያለበት ባለ 2.35 እጥፍ ቴሌኮንቨርተር ይዞ መጣ። የስልኩን የ85 ሚሊ ሜትር ዕይታ ወደ 200 ያደርሰዋል። ይቺኛዋ የምትገጠመው ከሌንሱ ኋላ ሳይሆን ከፊት ነው። ከፊት የሚገጠም ኮንቨርተር በራሱ ሰፊ መስታወት ተጨማሪ ብርሃን ስለሚሰበስብ እንደ ኋለኛዋ ብርሃን አይቀማም። ታዲያ እዚህ ዋጋው ምንድን ነው? ክብደት፣ ግዝፈትና ብር። ኪስ የሚገባው ስልካችሁ ኪስ አይገባም።

በየሱቁ የሚሸጡት ርካሽ የቁንጢጥ ሌንሶችም ሐሳባቸው ይኸው ነው። ግን መስታወታቸው ደካማ ሲሆን መሃሉ ደህና ሆኖ ዳር ዳሩ ይቀልጣል። የምትገዙ ከሆነ ሱቁ በር ላይ ቁሙና ማዶ ያለ ማስታወቂያ አንሱበት፤ ጥግ ላይ ያለው ፊደል ከተነበበ ውሰዱት።

ብር ከመቁጠራችሁ በፊት

ለካሜራ የምትገዙ ከሆነ እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ከሌንሴ ጋር ይገጥማል? የሌንሱን ሙሉ ስም ይዛችሁ ከአምራቹ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። የካኖን ኢኤፍ ኤክስቴንደሮች ለምሳሌ ኢኤፍ-ኤስ የሚባሉት ሌንሶች ላይ አይገቡም። በአዲሱ አርኤፍ ቤተሰብ ደግሞ 100-500 የሚባለው ሌንስ ኤክስቴንደር የሚቀበለው ከ300 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ሲዘረጋ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሌንሴ ከስንት ኤፍ ነው የሚነሳው? ኤፍ 2.8 ከሆነ ሁለቱንም ይችላል። ኤፍ 4 ከሆነ ባለ 1.4ዋ ትመረጣለች። ኤፍ 5.6 ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሦስተኛ፣ በስንት ሰዓት ነው የማነሳው? ፀሐይ ላይ ከሆነ እሺ። ማታ መብራት ላይ ያለ ኳስ ጨዋታ ወይም የንጋት ወፍ ከሆነ ሁለት ጊዜ አስቡ። በጠራራ ፀሐይ ደግሞ የሚርገበገበውን የሙቀት አየር የሚያስተካክል ኮንቨርተር የለም። ሩቅ ባያችሁ ቁጥር መሃላችሁ ያለው አየር ይበዛል።

አራተኛ፣ ሁለት እርምጃ መቅረብ እችላለሁ? ከቻላችሁ እሱ ነፃ ነው።

ቱቦዋስ?

ፎቶው ካፌው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቀሪ ሒሳቤንም ተቀብያለሁ። ጓደኛዬ ሌንሱን ሲወስድ ቱቦዋ ብቻዋን ቀረች፤ ከእኔ ሌንስ ጋር ምንም አትሠራም። ላሻሽጣት ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። አንድ ልጅ ደወለልኝ፤ ሳይከራከር በጠየቅሁት ዋጋ ሊወስዳት ተዘጋጅቷል።

«ሌንስህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ከካሜራው ጋር የመጣው፣ 18-55።»

የሦስት ወር ቁጠባዬ ዓይኔ ላይ መጣ። ዝም ብል ይገዛኛል። ስልኩን ይዤ ትንሽ ቆየሁና «ተወው ወንድሜ፣ አይገባልህም» አልኩት።

ቱቦዋ እስከዛሬ መደርደሪያዬ ላይ አለች። ባለ 70-200 ሌንስ ያላችሁ ካላችሁ እንነጋገር።