መዥገሩ ስንት ሰዓት ቆየ?

ግንቦት ሲገባ ወደ ክሊኒካችን የሚደወለው ስልክ መልኩን ይለውጣል። ብርዱን ወራት ስለ ጉንፋንና ስለ ጆሮ ሕመም ሲጠይቁን የከረሙ ወላጆች ስለ መዥገር መጠየቅ ይጀምራሉ። የምሠራው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ የሕፃናት ክሊኒክ በነርስነት ነው፤ ከደዋዮቹ ብዙዎቹ ያገሬ ልጆች ናቸው። «ሲስተር፣ ልጄን መዥገር ነክሶታል፤ ኢመርጀንሲ ልውሰደው ወይ?» ይሉኛል። እኔም «ነቅላችሁታል ወይስ እንደተጣበቀ ነው?» እላለሁ፤ ቀጥዬም «መቼ የያዘው ይመስላችኋል?» ብዙው ነገር የሚወሰነው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

እዚህ አካባቢ ወላጆችን የሚያስፈራው ላይም የሚባለው በሽታ ነው። አስተላላፊው ባለ ጥቁር እግሩ መዥገር ሲሆን፣ ባክቴሪያውን የሚወስደው በአብዛኛው ከዱር አይጥ ነው፤ አጋዘን ደግሞ መዥገሩን ይመግባል፣ ያራባል። ባክቴሪያው የሚቀመጠው በመዥገሩ አንጀት ውስጥ ነው። መዥገሩ ደም መምጠጥ ሲጀምር ይራባል፣ ከዚያ ወደ ምራቁ ይሻገራል፤ ይህም ጊዜ ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ። ስለዚህ ቀን ፓርክ ውሎ በገባ ልጅ ላይ ማታውኑ የተገኘ መዥገር ላይምን የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ሌሊቱን ኢመርጀንሲ ወንበር ላይ ከማሳለፍ ነቅሎ፣ ልጁን አጥቦ ማስተኛት ይሻላል።

ችግሩ ማየቱ ላይ ነው። አገር ቤት ያደግን ሰዎች ዓይናችን የለመደው ከላም ጡት ሥር ጠግቦ የተነፋውን መዥገር ነው። እዚህ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ልጆችን የሚይዘው ግን ገና ያልጎለመሰው ነው፤ የጤፍ ፍሬ ያህላል። ትልቁም ቢሆን ካልጠገበ ከሰሊጥ ብዙ አይበልጥም። ሲነክስ አያምም። አንድ አባት ልጃቸው ጀርባ ላይ ያዩትን ጥቁር ነጥብ «ማርያም የሳመችው ነው» ብለው አልፈውት፣ በማግሥቱ ሲያጥቡት ነጥቡ እግር እንዳለው አይተው ደውለውልኛል።

ባለፈው ሰኔ አንዲት እናት ሰኞ ጠዋት የአሥር ዓመት ልጇን ይዛ መጣች፤ ከሰላሌ ለጥየቃ የመጡት እናቷም አብረዋት ነበሩ። ቅዳሜ ስላይጎ ክሪክ ዳር ባለው ጫካ ሲጫወቱ ውለዋል። መዥገሩን ያገኙት አያትየው ናቸው፤ ሹሩባዋን ሲፈቱላት ከጆሮዋ ኋላ በጣታቸው ዳሰሱት። «ናፍጣ ጠብ ብናደርግበት ራሱ ለቆ ይወድቅ ነበር፤ ይቺ ናት እምቢ ያለችኝ» አሉ በቅሬታ። እምቢ ማለቷ ደግ ነው። ናፍጣ፣ ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የጥፍር ቀለም፣ የክብሪት እሳት ሁሉ አንድ ነው፤ ይለቃል ብለን ስንጠብቅ ሰዓቱ ይነጉዳል፣ መዥገሩም ሲጨንቀው በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። እሳቱማ የልጁን ቆዳ ያቃጥላል።

የሚያስፈልገው ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ብቻ ነው፤ እሾህ የምናወጣበት ዓይነት። ፀጉሯን ወደ ጎን ያዝኩና ወረንጦውን ቆዳዋ ድረስ አስጠጋሁ። ሆዱን ሳልጨምቅ አፉ አካባቢ ያዝኩት፤ ሳልጠመዝዝ፣ ሳልነጥቅ፣ ቀስ ብዬ ወደ ላይ ሳብኩ። ቆዳዋ አብሮት ትንሽ ተነሣ፤ እዚያው ላይ ይዤ ቆየሁ። ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ ለቀቀ። ነጭ ሶፍት ላይ ሳሳርፈው እግሮቹ ገና ይንቀሳቀሱ ነበር። አያትየው መነጽራቸውን አድርገው አጎንብሰው አዩት፤ «ራሱ ውስጥ ቀርቶ እንዳይሆን» አሉ። «አልቀረም እማማ፤ ቢቀርም የአፉ ስባሪ ነው፤ ቆዳዋ ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል» አልኳቸው። በመርፌ መቆፈር ትርፉ ቁስል ነው። ቦታውን በሳሙናና በውኃ ወይም በአልኮል ማጽዳት ነው። አያትየው መዥገሩን በጥፍራቸው ሊጨፈልቁት ሲሉ ደረስኩና ፎቶ አንሥቼ አልኮል ውስጥ ጨመርኩት። ፎቶው ይጠቅማል፤ የመዥገሩን ዓይነት ሐኪሙ የሚለየው ከእሱ ነው።

ይቺ ልጅ መከላከያ መድኃኒት ተሰጥቷታል። መዥገሩ ባለ ጥቁር እግሩ ዓይነት ነበር፣ ከ36 ሰዓት በላይ ቆይቷል፣ ከተነቀለ 72 ሰዓት አልሞላውም፣ አካባቢያችንም ላይም ያለበት ነው። እነዚህ ሲሟሉ ሐኪሙ በልጁ ክብደት ልክ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን ሊያዝ ይችላል። ካልተሟሉ ግን መድኃኒት አለመስጠታችን ቸልተኝነት አይደለም። «ጥርሷን ያበላሽባታል» የሚል ሥጋት ሁልጊዜ ይነሣል፤ ሥጋቱ ከቴትራሳይክሊን ዘመን የወረስነው ነው። ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ ዶክሲሳይክሊን የትንንሽ ልጆችን ጥርስ እንደማያበልዝ ታይቷል። በተረፈ ቤት ውስጥ የተረፈ አንቲባዮቲክ ፈልጎ ማዋጥ የለም።

ወዲያው ደም ይመርመርልን የሚሉም አሉ። ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ያ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። በተነከሰ ማግሥት የተገኘ «ነጻ» ውጤት ምንም አይነግረንም። መዥገሩን ላቦራቶሪ መላክም ልጁን እንዴት እንደምናክም አይወስንልንም፤ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

ይልቅ ለአንድ ወር ቆዳውን ተመልከቱ። በተነከሰበት ቀን ወይም በማግሥቱ የምትወጣ ትንሽ እብጠት የንክሻው ቁጣ ናት፣ ትጠፋለች። የላይም ሽፍታ ከ3 እስከ 30 ባሉት ቀናት ውስጥ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ገደማ። ምልክቱ ቀን በቀን እየሰፋ መሄዱ ነው፤ ከ5 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ ሲነኩት ሞቅ ይላል፣ ብዙም አያምም፣ አያሳክክም። አሁን ልብ በሉልኝ፦ በየክሊኒኩ ግድግዳ የተለጠፈው ሥዕል በነጭ ቆዳ ላይ የወጣ፣ መሐሉ የነጣ ቀይ ክብ ነው። በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ የሚመስል፣ ወይም ተመትቶ የበለዘ ቦታ መስሎ ይወጣል። መሐሉም ሁልጊዜ አይነጣም። ወላጅም ሐኪምም «ወድቆ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጥቁር ልጆች ሽፍታው አልፎ ጉልበታቸው ካበጠ ወይም ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ በኋላ የሚመጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጠርዙን በእስክሪብቶ አክብቡት፤ በማግሥቱ መስመሩን አልፎ ከሄደ ደውሉ። በጊዜ ከተደረሰበት በአሞክሲሲሊን ወይም በዶክሲሳይክሊን ይድናል።

ትኩሳት ግን ቀን አይሰጠውም። የውሻ መዥገር የሚባለው ዓይነት የሚያስተላልፈው ሮኪ ማውንቴን ስፖትድ ፊቨር በሜሪላንድም በቨርጂኒያም አለ፤ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል፣ ከ10 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። በንክሻው በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከራስ ምታትና ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ ሽፍታ ኖረም አልኖረም፣ ያኔ ኢመርጀንሲ ሂዱ፤ መዥገር እንደነበረም ተናገሩ። ሐኪሞች የምርመራ ውጤት ሳይጠብቁ ዶክሲሳይክሊን ይጀምራሉ፣ ሕፃንም ቢሆን።

ላይም ስሙን ያገኘው ከኮነቲከቷ የላይም ከተማ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 የልጆች ጉልበት ማበጥ በዛብን ብለው ለጤና ባለሥልጣናት ያመለከቱት እናቶች ነበሩ፤ ፖሊ መሪ አንዷ ናቸው። ባክቴሪያውን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት ዊሊ ቡርግዶርፈር ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ1973፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር የተስቦ ተሕዋስን ፍለጋ የኢትዮጵያን መዥገሮች የመረመሩበትን ጥናት አሳትመው ነበር። የላይም ባክቴሪያ አገራችን ግርሻ የምንለውን፣ በቅማል የሚተላለፈውን ትኩሳት ከሚያመጣው ባክቴሪያ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ይህን ስነግራቸው አያትየው «እሱንም ከዚያ ይዘንላችሁ መጣን?» ብለው አሳቁኝ።

ስለ መከላከሉ ብዙ አልልም። ልጆቹ ከሣርና ከጫካ ሲገቡ በሁለት ሰዓት ውስጥ እጠቧቸው፣ የለበሱትን ልብስ ድራየር ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አዙሩት። ብብት፣ እምብርት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ኋላ፣ ከጆሮ ኋላ እዩ። ሹሩባ ያላትን ልጅ በዓይን ማየት አይበቃም፤ በየመስመሩ በጣት መዳሰስ ነው። ይህን ሥራ አያቶች ከማናችንም በላይ ይችሉበታል፤ ስጧቸው።

መዥገር ስትነቅሉ ደግሞ ቀኑንና ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ ልጁ ጫካ የነበረበትንም ቀን ጨምሩበት። ስትደውሉ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ እሱን ነው።