ወጌሻ፣ ማሳጅና የደከመ ጡንቻ

የእግር ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ የሚከታተል ሰው «ወጌሻው ወደ ሜዳ ገብቷል» የሚለውን ሳይሰማ ዘጠናውን ደቂቃ አይጨርስም፡፡ ቃሉ ግን ከስታዲየም የመጣ አይደለም፡፡ ወጌሻ በአገራችን ስብራት የሚጠግን፣ ውልቃት የሚመልስ፣ ወለምታ የሚያሽ ባለሙያ ነው፡፡ ዛሬ ቅቤ ቀብተው የሚያሹት የሰፈር አዛውንትም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው የክለብ ባለሙያም በዚሁ አንድ ስም ይጠራሉ፡፡ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው ይለያያል፤ ልዩነቱን አለማወቅ አንዳንዴ እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል፡፡

እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፡፡ ያደግሁት መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ነው፡፡ ወደ እኔ ከሚመጡት ሕሙማን ሁለት ወገኖች ይበዛሉ፡፡ አንደኛው ኅዳር ላይ የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ማክሰኞ ዕለት ደረጃ መውረድ ያቃተው የቢሮ ሠራተኛ ነው፡፡ ሁለተኛው በእህል በረንዳና በበርበሬ ተራ ኩንታል ሲሸከም የሚውለው ጫኝና አውራጅ ነው፡፡ ሁለቱም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ቢያሹኝ ይተወኛል?» መልሱ ግን ለሁለቱም አንድ አይደለም፡፡

ጡንቻ ሲደክም ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው ከስፖርት በኋላ የሚሰማውን ሕመም «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ይላል፡፡ በየጂሙ የሚነገረው ይኸው ነው፡፡ ነገር ግን ላክቲክ አሲድ እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት አካባቢ ውስጥ ከጡንቻ ይጠራል፡፡ እሑድ ሮጠን ማክሰኞ የሚያመን ታዲያ በምን ምክንያት ነው?

ሕመሙ የሚመጣው በጡንቻ ክሮች ላይ ከሚደርስ በዓይን የማይታይ ጉዳት ነው፡፡ ጉዳቱ የሚበረታው ጡንቻ እየተሳበ ክብደት ሲይዝ ነው፡፡ ቁልቁለት ስንሮጥ፣ ደረጃ ስንወርድ፣ ከባድ ዕቃ ቀስ አድርገን ስናወርድ የሚሆነው ይህ ነው፡፡ ሰውነት ጉዳቱን ለመጠገን ሲነሳ ቦታው ይቆጣል፣ በመጠኑ ያብጣል፣ ሲነኩትም ያማል፡፡ ሕመሙ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ጫፍ ላይ ይደርስና በሳምንት ውስጥ ይለቃል፡፡

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፡፡ ጡንቻ የለመደውን ሥራ ሲደግም ራሱን ይከላከላል፡፡ በመሆኑም ዓመቱን ሙሉ የሚሸከም ሰው እንደ እሑዱ ሯጭ በነጋታው ሰውነቱ አይተሳሰርም፡፡ ቤት ሲቀይር አንድ ቀን ሶፋ የተሸከመ የባንክ ሠራተኛ ግን ሦስት ቀን ያቃስታል፡፡ ይህን አይቶ «እነሱ ለምደውታል» ማለት ግን ስሕተት ነው፡፡ የተሸካሚው ጉዳት ሌላ ቦታ ነው፤ በወገብ ዲስኩ፣ በትከሻው ጅማት፣ በጉልበቱ መገጣጠሚያ ላይ በየዓመቱ ይጠራቀማል፡፡

ማሸት የሚሠራውና የማይሠራው

ማሸት «ቆሻሻውን ከጡንቻ ያጥባል» የሚለው አባባል በጥናት አልጸናም፡፡ በካናዳ የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ማሸት የደም ዝውውሩን በመጫን የላክቲክ አሲድን መውጣት ጭራሽ እንደሚያዘገይ አሳይተዋል፡፡

ይህ ማለት ማሸት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፡፡ እዚያው ካናዳ የሚገኘው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 አሥራ አንድ ወጣት ወንዶችን እስኪደክሙ ድረስ ብስክሌት አስነድቶ፣ አንዱን እግራቸውን ብቻ ለአሥር ደቂቃ አሳሸ፡፡ ከሁለቱም እግሮች የጡንቻ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር፣ በታሸው እግር ውስጥ የመቆጣት ምልክቶች ቀንሰው፣ ጡንቻው ኃይል የሚያመነጭባቸውን ክፍሎች እንዲያድስ የሚያዝዘው ምልክት ጨምሮ ተገኘ፡፡ ጥናቱ አነስተኛ ቢሆንም እጅ ጡንቻን ሲነካ ውስጡ የሚለወጥ ነገር እንዳለ አሳይቷል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ 29 ጥናቶችንና 1,012 ሰዎችን ያካተተ ግምገማ ወጣ፡፡ መደምደሚያው ለእኛ ሙያ መራራም ጣፋጭም ነው፡፡ ማሸት ፍጥነትን፣ ጉልበትን ወይም የመዝለል ችሎታን ይጨምራል የሚል ማስረጃ አልተገኘም፡፡ በሌላ በኩል በነጋታው የሚሰማውን ሕመም በመጠኑ ይቀንሳል፣ የመተጣጠፍ አቅምንም በመጠኑ ይጨምራል፡፡

ስለዚህ ከሩጫ በኋላ የሚታሽ ሰው ሕመሙ ይቀልለታል፣ እንቅልፉም ሊሻሻል ይችላል፡፡ ጡንቻውን የሚጠግኑት ግን እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ውኃና ዕረፍት ናቸው፡፡ እጄ የእነዚህ ረዳት እንጂ ተተኪ አይደለም፡፡

እንዴትና መቼ?

በከተማችን «ማሳጅ» የሚለው ቃል ስሙ ስለጠፋ ብዙ ሰው ወደ ባለሙያ ለመሄድ ያፍራል፡፡ ትክክለኛው ባለሙያ ግን ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል፡፡ ሕመሙ መቼ ጀመረ? ይደነዝዛል ወይ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ቀጥሎ መገጣጠሚያውን አንቀሳቅሶ ያያል፡፡ ሳይጠይቅ ዘይት የሚቀባ ሰው ካጋጠመዎት ቢነሱ ይሻላል፡፡

ከውድድር በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሚደረገው ማሸት ቀላልና አጭር መሆን አለበት፤ እኔ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አልፍም፡፡ መዳፍ ረዘም ባለ እንቅስቃሴ ወደ ልብ አቅጣጫ ይሄዳል፡፡ ጠለቅ ያለው፣ በአውራ ጣት አንድን የጠጠረ ቦታ ይዞ የሚሠራው ማሸት ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ይመረጣል፡፡ ከውድድር በፊት ባለው ቀን ጠንካራ ማሸት አልመክርም፡፡

«ካላመመ አይሠራም» የሚለውም እምነት መተው አለበት፡፡ ሕመሙን ከአሥር ቢሰጡት ከስድስት ወይም ከሰባት ማለፍ የለበትም፡፡ ታካሚው ትንፋሹን ከያዘና ጡንቻውን ካጠነከረ ጥቅሙ ቀርቷል፡፡

መታሸት የሌለበት ማን ነው?

የሚከተሉት ምልክቶች ያሉበት ሰው ለማሸት ሳይሆን ለምርመራ መሄድ አለበት፡፡

አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ካመመ፤ በተለይ ከረጅም ጉዞ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከወሊድ በኋላ ከሆነ፣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፡፡ ሲታሽ ተላቆ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሊገድል ይችላል፡፡

ቁርጭምጭሚት ተጠምዞ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተ፣ ወይም አጥንቱ ላይ ሲጫኑት ክፉኛ ካመመ፣ ከእሽት በፊት ራጅ ያስፈልጋል፡፡ ጡንቻ «ጠቅ» ብሎ ከተበጠሰም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በኃይል ማሸት ውስጥ ያለውን መድማት ያባብሳል፡፡

ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ጡንቻው ፈርሶ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት የሚሰጥ አይደለም፡፡ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ብልቱ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት፡፡ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱም አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ፡፡

የወጌሻው ድርሻ

ወጌሻን ማጥላላት አልወድም፡፡ ብዙ ሕዝብ ከሐኪም በፊት የሚያገኘው እሱን ነው፤ የለመደ እጁም ወለምታን ያስታግሳል፡፡ አደጋው ያለው ስብራት ላይ ነው፡፡ የተሰበረ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር እብጠቱ መሄጃ ያጣል፡፡ ደም ይቋረጣል፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ጡንቻው መሞት ይጀምራል፡፡ በሕፃናት ላይ ሳይቀር ይህ መዘዝ እጅና እግር አስቆርጧል፡፡

መፍትሔው ግን ክልከላ ብቻ አይደለም፡፡ ብዙ የመርካቶ ነጋዴዎች ከሚወጡበት ከጉራጌ ምድር፣ ከአጣጥ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት አለ፡፡ ሆስፒታሉ ለአካባቢው ወጌሾች አጭር ሥልጠና ከሰጠ በኋላ በዚህ ሰበብ የሚቆረጡ እጅና እግሮች ቀንሰዋል፡፡ ጠብቆ እንዳይታሰር፣ ጣት ሲደነዝዝና ሲቀዘቅዝ ወዲያው እንዲፈታ፣ ቁስል ያለበት ስብራት ወደ ሐኪም እንዲላክ ማስተማር ማንም የሚችለው ነገር ነው፡፡

ኩንታሉስ?

ለሯጩ የምሰጠው ምክር ቀላል ነው፤ ሁለት ቀን ይረፉ፣ በእርጋታ ይራመዱ፣ በደንብ ይተኙ፡፡ ለተሸካሚው ግን «ዕረፍ» ማለት «ዛሬ አትብላ» ማለት ነው፤ ክፍያው በተሸከመው ልክ ነውና፡፡ የወገብ ሕመሙን ባሸው ለጥቂት ቀናት ይቀልለዋል፤ በአራተኛው ቀን ከነኩንታሉ ተመልሶ እዚያው ነው፡፡ በእጅ የሚሠራ ሕክምና ከክብደት ጋር ተወዳድሮ አያሸንፍም፡፡

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ በጉልበቱ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ከሆነ በፍጥነት ወደዚያ መጠን እንዲወርድ ይጠይቃል፡፡ የእህል ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ እጥፍ ሊሞላው ምንም አልቀረውም፡፡ ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ታሽጎ እየተሸጠ እህሉ የማይታሸግበት ምክንያት አይታየኝም፡፡

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል መጋዘን ያላችሁ፣ ዕቃ የምታስጭኑ፣ ለድርጅታችሁ ግዥ የምትፈርሙ ትኖራላችሁ፡፡ ከረጢቱን ግማሽ ማድረግ፣ ባለ ጎማ ጋሪ ማቅረብ፣ ከባዱን ለሁለት ማሸከም፣ በጭነት መሐል የዕረፍት ደቂቃ መስጠት በእጃችሁ ነው፡፡ እነዚህ አራት ነገሮች ቢደረጉ ከመርካቶ ወደ እኔ የሚመጣው ወገብ በብዙ ይቀንስ ነበር፡፡