ጌሾ፤ ቅጠሉ የማይረግፍ የደጋ ተክልና ንግዱ

የአዲስ አበባ የቀድሞው ዋና ገበያ የነበረው በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ገበያው ወደ አዲስ ከተማ ተዛወረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ ዙሪያ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ስፍራው ይለዋወጥ እንጂ፥ ጠጅና ጠላ እስካሉ ድረስ የጌሾ ፈላጊ አይታጣም። ይሁን እንጂ ሸቀጡን በጆንያ ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ በቀላሉ ሊታለል ስለሚችል፥ የተክሉን ጠባይ መረዳት ይጠቅመዋል።

የተክሉ ጠባይ

ጌሾ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ «ራምኑስ ፕሪኖይዴስ» ተብሎ ይጠራል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይገኛል። እስከ 6 ሜትር ሊያድግ የሚችል ቁጥቋጦ ሲሆን፥ በበጋም በክረምትም እንደ ለመለመ ይኖራል። ቅጠሉ ከላይ ጥቁር አረንጓዴና አንጸባራቂ ነው፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ በጥቃቅን ጥርሶች የተከበበ ነው። አበባው ደቃቅ፥ መልኩም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። ፍሬው አተር ያህላል፤ በመጀመሪያ ይቀላል፥ ሲበስል ግን ይጠቁራል።

የመራራነቱ ምስጢር

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ምሁራን በ1980ዎቹ ዓመታት ከቅጠሉ አንድ መራራ ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» ብለውታል። በቢራ ጠመቃ ይህን የመራራነት ተግባር የሚፈጽመው ሆፕ ነው። ሆፕ ግን በየዓመቱ ሐረጉ ደርቆ ከሥሩ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ሲሆን፥ ጠማቂዎቻችንም ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ያስመጡታል። ጌሾ ግን በጓሮአችን ይበቅላል።

ለነጋዴው የሚበጅ ምክር

ተክሉ ቅጠሉን የማያረግፍ በመሆኑ በማንኛውም ወር ሊለቀም ይችላል። ችግሩ ያለው በማድረቁ ላይ ነው። በክረምት ፀሐይ ስለምትጠፋ ቅጠሉ በሚገባ ሳይደርቅ በጆንያ ቢታጨቅ ይሻግታል። እርጥብ ቅጠል በሚዛን ላይ ይከብዳል፤ በመጋዘን ሲደርቅ ግን ክብደቱ ስለሚቀንስ ኪሳራው የገዢው ይሆናል። ስለዚህ ገዢ እጁን እስከ ጆንያው መካከል ሰድዶ ይዳስስ፤ በሚገባ የደረቀ ቅጠል በእጅ ሲታሽ ይፈረፈራል። ባዕድ ቅጠል የተቀላቀለበት ከመሰለውም፥ ጥቂቱን በውሃ ዘፍዝፎ ዘርግቶ የጠርዙን ጥርሶች ይመልከት።

ቅጠሉና እንጨቱም ለየብቻ ሊሸጡ ይገባል። ተወቅጦ ለጠላ የሚሆነው ቅጠሉ ነው፤ ጠጅ ጣዮች ግን ብዙውን ጊዜ እንጨቱን ይመርጣሉ። ሁለቱን ደባልቆ በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ ለጊዜው ቢያተርፍም ደንበኛውን ያጣል። በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ጌሾ የሚልክ ነጋዴ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ በመንገድ የሻገተ ዕቃ የላኪውን ስም ያበላሻልና።